የፓቱላ ችግኝ ሲወይብ፦ አሸዋማ መሬት ላይ ከዩሪያ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ፓቱላ የሚባለው የፓይን ዓይነት ይዘራል፤ ቆንጆ ሆኖ ይበቅላል፤ ሦስተኛው ወር ላይ ቀጥ ይላል። ቅጠሉ ይወይባል፣ ቁመቱ ስንዝር ሳይሞላ ይቆማል። ባለቤቱ ዩሪያ ይጨምራል። ለጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ይሆንና ተመልሶ ይወይባል። እንደገና ዩሪያ። መጨረሻ ላይ ወይ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፣ ወይ አሸዋው ላይ ተተክሎ በመጀመሪያው በጋ ያልቃል።

ብዙ ጊዜ የጎደለው ማዳበሪያ ሳይሆን ፈንገስ ነው። ፓይን በራሱ ሥር ብቻ ምግብ መሰብሰብ አይችልም። ሥሩን ሸፍኖ የሚኖር ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ አለ፤ ፎስፈረሱንም ናይትሮጅኑንም ከአሸዋው መሀል ለቅሞ የሚያቀብለው እሱ ነው። ፓይን ተተክሎ በማያውቅበት መሬት ይህ ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ዩሪያ ደግሞ አያመጣውም፤ ከበዛ እንዲያውም ያዳክመዋል። ስለዚህ ፈንገሱ ይቀድማል፣ ናይትሮጅን በትንሽ በትንሹ ይከተላል።

መመሪያው ለፓቱላ ነው የተጻፈው። ራዲያታ ለሚባለው ሌላ የፓይን ዓይነትም ከሞላ ጎደል ይሠራል።

ደረጃ 1፦ የቢጫውን ዓይነት ለዩ

ዩሪያውን አስቀምጡና መደቡን ዞር ዞር እያላችሁ እዩ።

- ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ቀድሞ ከወየበና ችግኙ በሙሉ ከገረጣ፣ ናይትሮጅን አንሷል። ለምን እንዳነሰ ግን ገና አልታወቀም።
- ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ከሄደ የፎስፈረስ እጥረት ነው። ፈንገስ የሌለው ሥር ዋና ምልክቱ ይሄ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደጋ ላይ ውርጭም ይህንኑ ቀለም ያመጣል። ብርዱ ሲያልፍ ከለቀቀ አትጨነቁ።
- አዲሱ ጫፍ ብቻ ነጣ ብሎ ከወየበ፣ አፈሩ ወይም የምታጠጡት ውሃ አሲዳማነት ጎድሎታል፤ ብረት ለሥሩ አልደረሰም። አመድ ወይም ኖራ ጨምራችሁ እንደሆነ አስታውሱ።
- በወየበው መደብ መሀል እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ የሆኑ፣ ከጎረቤቶቻቸው እጥፍ የረዘሙ ችግኞች ካሉ፣ ምክንያቱ ታወቀ፤ የጎደለው ፈንገሱ ነው። ለእነዚያ ፈንገሱ በነፋስ ወይም በአጋጣሚ ደርሷቸዋል፤ ለሌሎቹ አልደረሰም።

አሁን ከአረንጓዴውም ከቢጫውም አንድ አንድ ችግኝ ከነአፈሩ አውጡ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አፈሩ በራሱ እስኪረግፍ ጠብቁ። አትጎትቱ፤ የምትፈልጉት ጫፉን ነው። ከዚያ ሥሩን ትንሽ ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ዘርጉት።

ጤነኛው ሥር ላይ ቀጫጭኖቹ ጫፎች አጠር ወፈር ብለው ለሁለት ይከፈላሉ፣ ልክ እንደ ባላ። አንዳንዱ ደጋግሞ ተከፍሎ ትንሽ ዘለላ ይሠራል። ቀለሙ ነጭ፣ ክሬም ወይም ቡናማ ነው፤ ዙሪያው ላይ ጥጥ የመሰለ ክር ይታያል። የቢጫው ሥር ግን ቀጭን፣ ረጅምና መላጣ ነው። ማጉያ መነጽር ካለ ጥሩ፤ ከሌለም በዓይን ይለያል።

ደረጃ 2፦ የፈንገስ አፈር አምጡ

ፈንገሱ ያለው ያረጀ ፓይን ሥር ነው። ቢያንስ 10 ዓመት የሞላው፣ ዛፎቹ ጤነኛ የሆኑ ደን ፈልጉ። በወንዶ ገነትም ሆነ በሙኔሳ ሻሸመኔ በኩል እንዲህ ያለ ደን አለ። የደኑን ባለቤት አስፈቅዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፈረንጅ ጥድ ስለሚመሳሰል ብቻ ከሥሩ አፈር ይመጣል። አይሠራም። የፈረንጅ ጥድም ሆነ የሀበሻ ጥድ የሚኖሩት ከሌላ ዓይነት ፈንገስ ጋር ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር የሚመጣ አፈርም አያስተማምንም። ከፓይን ሥር ካልሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

ቦታውን ለመለየት ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው፤ አፈሩን የምታመጡት ግን ቱቦ በምትሞሉበት ሳምንት ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ የጅብ ጥላው ገና አልጠፋም። ቆቡ የሚያሙለጨልጭ ቡናማ፣ ከሥሩ ሲታይ በሽንሽን ፈንታ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የጅብ ጥላ ፓይኑ ግርጌ ካያችሁ ቦታው ትክክል ነው። ልትበሉት እንዳታስቡ፤ የመጣችሁት ለአፈሩ ነው።

1. ከላይ ያለውን ደረቅ ያልበሰበሰ ቅጠል በእጅ ወደ ጎን ግፉ።
2. ከሥሩ ያለውን ጥቁር፣ ግማሽ የበሰበሰ ንጣፍና የላይኛውን 10 ሴንቲሜትር አፈር ውሰዱ። ነጭ ክርና ቀጫጭን ሥር ከተጠላለፉበት ወርቅ አገኛችሁ ማለት ነው።
3. ከአንድ ዛፍ ብቻ አትውሰዱ። ከ10 ያህል ዛፎች ትንሽ ትንሽ ሰብስቡ። የዛፉን ትልልቅ ሥሮች አትቁረጡ፤ ቅጠሉን መልሳችሁ አልብሱት።
4. እርጥብ ጆንያ ውስጥ ከትታችሁ ጥላ ሥር አጓጉዙ።

መጠኑን ለማስላት፦ ጠፍጣፋውን ስትለኩት 8 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 15 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው የችግኝ ፕላስቲክ ቱቦ ወደ 300 ሚሊ ሊትር አፈር ይይዛል። ለ1000 ቱቦ 300 ሊትር ድብልቅ ያስፈልጋል። ከዚያ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 30 ሊትሩ፣ የፓይን አፈር ይሁን። ባለ 20 ሊትር ባልዲ አንድ ተኩል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አፈሩን ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ አትቁሉት፣ የፈንገስ መድኃኒት አታስነኩት። በሽታ ይኖረዋል ብሎ በእሳት ማምከን የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ የምትፈልጉትም አብሮ ይሞታል። የበሽታ መከላከያው ከጤነኛ ደን መውሰድ ነው። ባመጣችሁ በሳምንት ውስጥ ተጠቀሙበት። ደርቆ ዱቄት ከሆነ ጣሉትና ሌላ አምጡ።

ደረጃ 3፦ የቱቦውን አፈር ደባልቁ

አካባቢያችሁ አሸዋማ ከሆነ ተጨማሪ አሸዋ አያስፈልግም። ምን ያህል አሸዋማ እንደሆነ ካልገባችሁ አፈሩን ግልጽ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው ጨምሩ። ውሃ ሙሉት፣ በደንብ ናጡት፣ አስቀምጡት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ከታች ከተቀመጠ አሸዋ ነው።

ለ10 ባልዲ፦

- 5 ባልዲ የአካባቢው የላይኛው አፈር
- 2 ባልዲ ቀይ አፈር
- 2 ባልዲ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት
- 1 ባልዲ የፓይን አፈር

በቀይ አፈር ፈንታ ዋልካ አታስገቡ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥሩን ይበጥሳል፤ አሲዳማም አይደለም። ፓቱላ መጠነኛ አሲድ ይወዳል፤ የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች፣ ከ5 እስከ 6 ቢሆን ይስማማዋል። አመድም አታስገቡ። አመድ ለጎመን ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለፓይን ቡቃያ ግን አሲዱን እየቀነሰ አንገት ለሚያበሰብሰው በሽታ በር ይከፍታል።

ኮምፖስቱ “በደንብ የበሰለ” ይሁን ያልኩት ለወግ አይደለም። ሰጋቱራ ወይም ያልበሰበሰ የፓይን ቅጠል ካለበት የአፈሩ ባክቴሪያና ፈንገስ ሊበሉት ይነሳሉ። ሰጋቱራ ካርቦን እንጂ ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። በላተኞቹ ደግሞ ሰውነታቸውን ለመገንባት ናይትሮጅን ስለሚያስፈልጋቸው ከአፈሩ ይወስዱታል። ችግኙ ባዶ እጁን ይቀራል። እጃችሁ ውስጥ ስታሹት ቁርጥራጩ ምን እንደነበር ከለያችሁት፣ ወይም ክምሩ መሀሉ አሁንም ትኩስ ከሆነ፣ አልበሰለም።

ሌላውን በጠባብ ወንፊት ብትነፉ ችግር የለም። የፓይኑን አፈር ግን ጣት በሚያስገባ ሰፊ ወንፊት ብቻ ንፉ፤ ፈንገሱ ያለው ቁርጥራጭ ሥሩ ላይ ነው። ቱቦ የምትሞሉበት ቀን ደባልቁ፤ ለሳምንት ከምራችሁ አታቆዩ። ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ድብልቁ ውስጥ እንዳይገባ።

ደረጃ 4፦ ዝሩ፣ አዛውሩ

ሐምሌ ለሚተከል ችግኝ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ዝሩ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር እድገቱ ስለሚዘገይ ቀደም በሉ።

1. ዘሩን 24 ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ።
2. ንጹሕ አሸዋ የበዛበት የዘር መደብ ላይ ዘርታችሁ የዘሩን ውፍረት ያህል ብቻ አፈር አልብሱ።
3. ጠዋት አጠጡ። ማታ ረጥቦ የሚያድር መደብ በሽታ ይጠራል።
4. ቡቃያው የዘሩን ቅርፊት ከራሱ ላይ ሲጥል ወደ ቱቦ አዛውሩ። ግንዱን ሳይሆን ቅጠሉን ያዙ። ቀዳዳው ጥልቅ ይሁን፤ ሥሩ ወደ ላይ ከታጠፈ ዕድሜ ልኩን ታጥፎ ይቀራል።
5. ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ዳስ ሥር ይቆይ፤ ከዚያ ጥላውን ቀስ በቀስ አንሱ። ፈንገሱ የሚኖረው ችግኙ ከፀሐይ በሚሠራው ስኳር ነው። ጥላ ከበዛ ለፈንገሱ የሚተርፍ የለም።

ቡቃያ አንገቱ ላይ ጠቁሮ ከወደቀ ውሃ ቀንሱ፣ ጥላውን አሳሱ፣ የወደቀውን በዙሪያው ካለ አፈር ጋር አውጥታችሁ ጣሉ። የፈንገስ መድኃኒት የመጨረሻ አማራጭ ነው። ከተረጨም የዘር መደቡ ላይ ብቻ ይሁን፤ የፓይን አፈር ያለበት ቱቦ ላይ አይረጭ።

ደረጃ 5፦ ሥሩን ሳታዩ አትመግቡ

ከተዛወረ ከ8 እስከ 10 ሳምንት በኋላ ከተለያየ ቦታ 10 ችግኞችን አውጥታችሁ በደረጃ 1 መንገድ ሥራቸውን እጠቡ። ችግኞቹ ይሞቱ ይሆናል፤ አይቆጫችሁ።

- ከ10ሩ 8 ወይም ከዚያ በላይ ባላ ሥር ካላቸው ወደ ደረጃ 6 እለፉ።
- ግማሽ ገደማ ከሆኑ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቃችሁ ድገሙ። ውሃ አታብዙ፤ የተጨቀየ ቱቦ ውስጥ አየር የለም፣ ፈንገሱም አይሄድም።
- ጭራሽ ከሌለ አንድ ባልዲ ትኩስ የፓይን አፈር በ10 ባልዲ ውሃ በጥብጡ። ቱቦው ጠርዝ ላይ በቀጭን እንጨት እስከ ግማሹ ብሱና አንድ የቡና ስኒ ያህል አፍስሱ። ቶሎ ቶሎ አማስሉት፤ ዋናው ነገር ከታች ይዘቅጣል።

ጥቂት ጤነኛ ችግኞችን በበሽተኞቹ መሀል አስቀምጦ ይጋባባቸዋል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ነው። ሥሮቹ በሚገናኙበት የአፈር መደብ ላይ ይሠራል። በቱቦ ግን ፕላስቲኩ ይከለክላል።

ደረጃ 6፦ አሁን ናይትሮጅን፣ በማንኪያ

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። መሬት ሲነካ የአፈር ባክቴሪያዎች በሚያመነጩት ኢንዛይም ተሰባብሮ አሞኒየም ይሆናል። ፓይን የሚመርጠው ይህንን ነው። ችግሩ አሸዋ አሞኒየም የሚይዝበት ሸክላ የለውም። ላይ ላዩን ከተበተነ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጠው ለዚህ ነው። የቀረውን ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ደግሞ ውሃ በሄደበት ይሄዳል፣ በቱቦው ቀዳዳ። ስለዚህ አንድ እፍኝ ሰጥቶ መገላገል የለም።

1. አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ ወደ 4 ግራም፣ በ10 ሊትር ውሃ አሟሙ።
2. ቱቦዎቹን አስቀድማችሁ በንጹሕ ውሃ አርጥቡ።
3. ለ100 ቱቦ 2 ሊትር አዳርሱ። ጠዋት ወይም ደመና ሲሆን።
4. ወዲያው በጥቂት ንጹሕ ውሃ ቅጠሉን እጠቡ። ይህንን የሚዘል ሰው በማግሥቱ የተቃጠለ ጫፍ ያያል።
5. በየ2 ሳምንቱ ድገሙ። ከ4 ወይም 5 ጊዜ አትለፉ።
6. ከተከላ 6 ሳምንት በፊት አቁሙ፤ ውሃውንም ቀንሱ። ለስልሶ የሄደ ችግኝ አሸዋ ላይ አይቆምም።

ቅጠሉ ደህና አረንጓዴ ከሆነ ይህንን ደረጃ ዝለሉት። ከምሬ ነው። ናይትሮጅን እንደ ልቡ ያገኘ ችግኝ ለፈንገሱ የሚሰጠውን ስኳር ይቀንሳል፤ ላይ ላዩን ይረዝማል፣ ሥሩ ይመነምናል።

ከልክ በላይ ሰጥታችሁ ጫፉ ቡናማ ከሆነ በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ብዙ ውሃ አጠጡ። አሸዋማ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ታጥቦ ይወጣል። ለአንድ ወር ምንም አትጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ተከላ

ጉድጓዱን 30 በ30 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ከአንድ ወር በፊት ቆፍሩ። የላይኛውን አፈር ለብቻው አስቀምጡ። መሬቱን በሙሉ ግን አትመንጥሩ። በጋውን ደርቆ የከረመ አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ረቂቅ ተሕዋስያኑ በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፣ ብዙ ናይትሮጅንም ይለቃሉ። በርች የተባለ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ ሲሠራ በ1950ዎቹ ስለጻፈበት ነገሩ በስሙ ይጠራል። መሬቱ ባዶ ከሆነ ያ ናይትሮጅን ሐምሌ ሳይደርስ ከሥር ወርዶ ያልቃል። ሣር ካለ ሣሩ ይይዘዋል። በችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ብቻ አጽዱ፣ የታጨደውን ሣር እዚያው ጎዝጉዙት።

1. ችግኙን ከአንድ ቀን በፊት አጠጡ።
2. ከቱቦው ግርጌ 1 ሴንቲሜትር ያህል በምላጭ ቁረጡ፤ የተጠማዘዘው ሥር አብሮ ይሄዳል።
3. ፕላስቲኩን በጎን ሰንጥቃችሁ አውጡ። ከነፕላስቲኩ መትከል ዛሬም አልቀረም፤ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል።
4. የአፈሩ ኳስ እንዳይፈርስ። ፈንገሱ ያለው እዚያ ላይ ነው።
5. የላይኛውን አፈር መጀመሪያ መልሱ፣ በእግር ጠቅ ጠቅ አድርጉ።

ርቀቱ 2.5 በ2.5 ሜትር ከሆነ ለሄክታር 1600 ችግኝ ይገባል። ጉድጓዱ ውስጥ ዩሪያም ሆነ ያልበሰለ ፍግ አታስገቡ።

ደረጃ 8፦ ናይትሮጅኑ መሬቱ ላይ እንዲቆይ

ፓይን እንደ ባቄላ ከአየር ናይትሮጅን አይሠራም። ያለውን ነው የሚያዞረው፤ አብዛኛው ደግሞ የረገፈው ቅጠል ውስጥ ነው። ስለዚህ ግንዱንና ቅርንጫፉን ለማገዶ ውሰዱ፣ ብዙ ናይትሮጅን የለበትም። ቅጠሉን ግን አትጥረጉ፣ አታቃጥሉ። ሲቃጠል ናይትሮጅኑ በጭስ ይወጣል፤ የሚቀረው አመድ ነው። እሳት የሚያሰጋ ከሆነ የእሳት መከላከያ መስመሩን ብቻ አጽዱ። ንጣፉ በዝቶ አልበሰብስ ካለ መፍትሔው ዛፎቹን ማሳሳት ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ይሠራሉ።

ከውጭ ናይትሮጅን ለማስገባት ርካሹ መንገድ ግብጦ ነው። አሲዳማና አሸዋማ መሬት ይችላል። መራራ ስለሆነ ከብት ብዙም አይደፍረውም፤ ልቅ ግጦሽ ባለበት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኒውዚላንድም የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ራዲያታ ሲያለሙ የግብጦን ዘመድ አስቀድመው ይዘሩ ነበር።

በረድፎቹ መሀል፣ ከችግኙ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ፣ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ዝሩት። ሲያብብ የግብጦውን ሥር አውጥታችሁ ናይትሮጅን የሚሠራው ባክቴሪያ የሚኖርበትን እባጭ በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም፤ እባጭ ከሌለ ደግሞ ባክቴሪያው የለም ማለት ነው። ለከርሞ ግብጦ ከበቀለበት ማሳ አፈር አምጥታችሁ ከዘሩ ጋር አሹት። የሚሠራውን አበባው ላይ እያለ አጭዳችሁ እዚያው ተዉት። ፍሬውን ለአረቄ የምትፈልጉ ከሆነ ግን አብዛኛው ናይትሮጅን ከፍሬው ጋር መሄዱን እወቁ።

የተተከለው ችግኝ ከወየበ

መንቀል አያስፈልግም። መጀመሪያ ከጎኑ ቀስ ብላችሁ ቆፍራችሁ ሥሩን እዩ።

መላጣ ከሆነ፣ ክረምት ውስጥ ከግንዱ 10 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን በ10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ፈልፍሉ። ቀጫጭኑ ሥር ሲታይ ሁለት እፍኝ እርጥብ የፓይን አፈር አስነክታችሁ መልሱት። በዚያ ዓመት ዩሪያ የለም።

ባላ ሥር እያለው ከወየበ በእርግጥም ናይትሮጅን ጎድሎታል። በሁለተኛው ክረምት 15 ግራም ዩሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን በጣት በተሠራ ቦይ ውስጥ በትኑና አፈር አልብሱ። መሬቱ እርጥብ፣ ዝናቡ ግን ዶፍ ያልሆነበት ቀን ምረጡ። ከወር በኋላ አንዴ ድገሙት። የወየበው አሮጌ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ ላይሆን ይችላል፤ ይርገፍ። የምትከታተሉት ከጫፉ የሚወጣውን አዲሱን ነው።